ስንጥቁን በጭቃ ደፍናችሁ አትተኙ፦ ስለ ዛፍ፣ አፈርና ዝናብ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ክረምት ሲመጣ የምትደውሉልኝ ነገር ያው ነው። ባህር ዛፍ፣ ችግኝ፣ ጎርፍ፣ «ዝናቡን ምን ነካው?»። በየሳምንቱ ከመድገም ብዬ በአየር ላይ የመለስኳቸውን እዚህ በጽሑፍ አስቀምጫለሁ። እንደምደግማቸው ግን አውቃለሁ። አዲስ አድማጭ ከሆናችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስለ የትኛውም መሬት ብትጠይቁኝ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ «ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል?» ብዬ ነው። መልሱን ይዛችሁ ደውሉ።

«ከምንጫችን ራስጌ ባህር ዛፍ ተክለን ነበር። አሁን ምንጩ መጋቢት ሳይወጣ ይደርቃል። ዛፉ ነው የጠጣው?» (ከምዕራብ ጎጃም የደወሉ አባት)

ሊሆን ይችላል አባቴ። ባህር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ቶሎ ለማደግ ደግሞ ብዙ ውሃ ይስባል። ከምንጭ ራስጌ፣ ከወንዝ ዳርና ከማሳ ድንበር መራቅ አለበት።

ግን ዛፉን አንርገመው። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ባህር ዛፍ ደርሶላት ነው እዚያው የቀረችው። ዛሬም ስንቱ ገበሬ ቤቱን የሠራበት፣ ልጁን ያስተማረበት እሱን ሸጦ ነው። ጥፋቱ ያለቦታው መትከላችን ነው።

እርስዎ ከምንጩ በላይ ያለውን ቆርጠው ይሽጡት። ጉቶው ያቆጠቁጣል፣ በየጊዜው ይልቀሙት። ቦታውን ከከብት ይከልሉት። በዓመቱ ምንጩ ካልተመለሰ አይቆጡኝ፣ ጊዜ ይፈልጋል። ከሁሉ በፊት ግን ቀና ብለው ተራራውን ይዩት። ሣሩ ተግጦ አልቆ ከሆነ ዝናቡ ሳይሰርግ ቁልቁል እየነጎደ ነው። ያን ጊዜ ምንጩን ያደረቀው ባህር ዛፉ ብቻ አይደለም።

«የተጠረገውን ፌስታል ጓሮ ማቃጠል ይጎዳል?»

ይጎዳል። አታቃጥሉ። ጭሱን የምትስቡት እናንተና ልጆቻችሁ ናችሁ።

«ሰኔ አለቀ፣ ዝናቡ ገና ነው። ይሄ የአየር ንብረት ለውጥ ነው?» (ከወሎ)

የአንድ ዓመት መዘግየት ብቻውን ምንም አይነግረንም። ዝናባችን ድሮም ይዋዥቃል። ከእኛ እጅግ ርቆ፣ በፓሲፊክ ውቅያኖስ፣ የባህሩ ወለል ከወትሮው ሲሞቅ ኤልኒኞ ይባላል። ያን ጊዜ በሰሜንና በመሃል ኢትዮጵያ ክረምቱ ይደክማል። የ2007ቱ ክረምት እንዲህ ነበር፤ በተከታዩ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ፈልጓል። ቦረናና ሶማሌ ክልል ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ዝናብ የሚያስቀረው የኤልኒኞ ተቃራኒ የሆነው ላኒኛ ነው። ከ2013 ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከድቷቸው ከብቶቻቸው አለቁባቸው።

ታዲያ የተለወጠው ምንድነው? ሙቀቱ። ዓለም ከጥንቱ ከአንድ ዲግሪ በላይ ሞቃለች። አየር አንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ሰባት በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት ይሸከማል። ድርቁ ሲመጣ መሬቱን ቶሎ ያደርቀዋል፤ ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ በአንድ ከሰዓት ያወርደዋል። ለዚህ ነው ውሃው ወዴት ይሄዳል እያልኩ የምነዘንዛችሁ።

የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትን ትንበያ ስሙ። ያላችሁን ዘር ሁሉ በመጀመሪያው ካፊያ አትበትኑት። በአካባቢያችሁ ቶሎ የሚደርሰው ዘር የትኛው እንደሆነ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ጠይቁ። እኔ በስልክ አፈራችሁን አላየውም።

«ዓለምን ያሞቁት ሀብታሞቹ አገሮች ናቸው። እኛን ለምን ትቆጣናለህ?» (ወጣት፣ ከአዲስ አበባ)

እውነትህን ነው። ከነዳጅ፣ ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ ቃጠሎ ከሚወጣው የዓለም ካርቦን የመላው አፍሪካ ድርሻ ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም። ሙግቱ ይቀጥል፣ ካሣውም ይጠየቅ። ግን ጎርፉ ካሣው እስኪመጣ አይጠብቅህም። ደግሞ ተዳፋቱን ያረሰው የእንግሊዝ ፋብሪካ አይደለም፣ እኛ ነን።

«ቤታችን ተራራ ሥር ነው። ከበላያችን ባለው ማሳ ላይ ረጅም ስንጥቅ ወጣ። አባቴ በጭቃ ደፈነው። ይበቃል?» (ከደቡብ የደወለች የአሥረኛ ክፍል ተማሪ)

አይበቃም ልጄ። ስልኩን ለአባትሽ ስጪልኝ ብያት ነበር፣ ማሳ ናቸው አለችኝ። እንግዲያው ለአባቶች ሁሉ እናገራለሁ፣ ትንሽ ታገሡኝ።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ከባድ ዝናብ ጣለ፣ ተራራው ተናደ፣ ቤት ከነሰዉ ቀበረ። ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ ወጣ። በእጁ፣ በአካፋ፣ በዶማ መቆፈር ጀመረ። ሰው በተሰበሰበበት ሁለተኛው ናዳ መጣ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከሞቱት ብዙዎቹ ሌላውን ሊያወጡ የሮጡ ናቸው፤ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች አሉበት። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል። ሰዎቹን የገደላቸው ደግነታቸው ነው።

ለምን ሁለተኛ ይመጣል? የመጀመሪያው ናዳ ሲወርድ ከላይ ድጋፍ የሌለው ቀጥ ያለ ገደል ትቶ ይሄዳል። አፈሩ ገና ውሃ እንደጠገበ ነው። ዝናቡ ቢያቆም እንኳ ከላይ የሰረገው ውሃ በውስጥ መውረዱን አያቆምም። ስለዚህ የመጀመሪያው ናዳ ወርዷል ማለት አደጋው አልፏል ማለት አይደለም።

ወደ ስንጥቁ ልመለስ። መድፈኑ ራሱ ክፉ አይደለም፤ ውሃ እንዳይገባበት ባለሙያም ይደፍነዋል። ክፋቱ ደፍኖ «ዳንን» ብሎ መተኛቱ ላይ ነው። ምልክቱን ሸፈናችሁት እንጂ መሬቱን አላቆማችሁትም። አባትየው ይሄን ያድርጉ። ከስንጥቁ ወዲያና ወዲህ ሁለት ካስማ ይቸክሉ። በመሃላቸው ሲባጎ ይወጥሩና በርዝመቱ ልክ ቋጠሮ ያብጁበት። ጠዋትና ማታ በዚያው ሲባጎ ይለኩ። ቋጠሮው ካስማው ጋ መድረስ ካቃተው ተዳፋቱ እየሄደ ነው። ያን ቀን ከቤት መውጣት ነው። ነገ አይደለም፣ እህሉ ከተሰበሰበ በኋላም አይደለም።

ሌላም ምልክት አለ። ድሮ በደንብ ይዘጋ የነበረ በር መንከስ ይጀምራል። አጥርና ዛፍ ወደ ታች ያዘነብላሉ። ምንጭ በድንገት ይደፈርሳል፣ ወይ ምንም ባልነበረበት አዲስ ውሃ ይፈልቃል። የተዳፋቱ እግር ይነፋል። ከነዚህ አንዱን ካያችሁ፣ በተለይ ቀናት የቆየ ዝናብ ካለ፣ ሌሊቱን እዚያ ቤት አታሳልፉ። ስትወጡ ቁልቁል አትሩጡ፣ ናዳው ይቀድማችኋል። ወደ ጎን ነው የሚኬደው።

አሁን የምቆጣበት ክፍል መጣ። ቤት ለመሥራት የተራራውን እግር እየቆረጣችሁ ትደለድላላችሁ። ወንድ ልጅ ጎጆ ሊወጣ ሲል አንድ ቁራጭ፣ ሌላው ሲያገባ ሌላ ቁራጭ። የተራራው እግር የላዩን ደግፎ የያዘው ነው፤ ከሥሩ ስትቆርጡ ከራሳችሁ በላይ ያለውን እየፈታችሁ ነው። ከላይ ደግሞ ድንጋይና ቁጥቋጦ ነቅላችሁ እስከ አናቱ ታርሳላችሁ። መሬት ጠቦን ነው ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ፣ ጠቧል። ቢሆንም መሬት ጠበበ ተብሎ ተዳፋቱ አይራራም።

«እርከን ሠርተናል እኮ» የምትሉም አላችሁ። እርከን እወዳለሁ። የኮንሶ ሰዎች ከ400 ዓመት በላይ ተራራቸውን በድንጋይ እርከን ይዘውታል፤ ዩኔስኮም በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ነገር ግን የተሰነጠቀ ተዳፋት ላይ ውሃ ማስረጊያ ጉድጓድ አትቆፍሩ። ሌላ ቦታ በረከት የሆነው ውሃ እዚያ ሸክም ነው። ከስንጥቁ በላይ ቦይ ቀዳችሁ ውሃውን ወደ ጎን፣ ሰው ወደሌለበት አውጡት። ችግኝ ተክለን እናስቆመዋለን የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ሥር የላይኛውን አፈር ይይዛል፤ ከጥልቅ የሚንሸራተተውን ተራራ ግን አይዘውም።

የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል። ናዳ ወርዶ ሰው ከተቀበረ ሁላችሁም አትሩጡ። አንድ ሰው ተዳፋቱን ብቻ እያየ ይቁም፣ ድንጋይ ሲንኮታኮት ይጩህ። ጥቂት ሰው በየተራ ይቆፍር። ልጆችና አዛውንት ርቀው ይቁሙ። የምትሸሹበትን አቅጣጫ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ላዩ አሁንም እየተሰነጠቀ ከሆነ አትግቡ። ወገን ተቀብሮ ቆሞ ማየት እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ብትገቡ ግን የሚያለቅሱት ቤቶች ይበዛሉ።

አንቺ ልጄ፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ ከአባትሽ ጋር ቀበሌ ሂዱ። ወረዳው የጂኦሎጂ ባለሙያ እንዲልክ ጠይቁ። ባለሙያው እስኪመጣ ዘመድ ቤት እደሩ።

«ጉልበት የማይሞላ ጎርፍ ከሆነ መሻገር ይቻላል?»

አይቻልም። እግር የሚያነሳው የውሃው ፍጥነት ነው፣ ከሥር የሚንከባለለውን ድንጋይ ደግሞ አታዩትም። ድሬዳዋን አስታውሱ። በሐምሌ 1998 መጨረሻ፣ በሌሊት፣ በጋ ሙሉ ደረቅ አሸዋ የሆነው ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። የዘነበው ከላይ ተራራው ላይ ነበር። ደረቅ ወንዝ ውስጥ አትተኙ፣ አትነግዱ፣ መኪና አታቁሙ።

«በየዓመቱ ሐምሌ ላይ እንተክላለን፣ ጥር ላይ ግማሹ ደርቋል። ችግሩ ችግኙ ነው?» (ከሰሜን ሸዋ፣ መምህር)

ሐምሌ ላይ ፎቶ የሚነሳ ሞልቷል፣ ጥር ላይ ጄሪካን ይዞ የሚመጣ የለም። ችግኙ ምን ያድርግ?

ሁለት ነገር ፈትሹ። አንደኛ፣ ፌስታሉን አውልቃችሁ ነው የምትተክሉት? ሳያወልቁ ሲቀብሩ ስንቴ አይቻለሁ። ሥሩ ተጠምዝዞ እዚያው ይታፈናል። ሁለተኛ፣ ልቅ ግጦሽ አለ? ካለ የተከላችሁት ለፍየል ነው።

አንዳንዴ ደግሞ አለመትከል ይሻላል። ወላይታ ውስጥ ሁምቦ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ሕዝቡ 2,700 ሄክታር ያህል የተራቆተ ተራራ ከግጦሽና ከመጥረቢያ ከለለ። አብዛኛው አልተተከለም። መሬት ውስጥ የቀሩት ጉቶዎች ራሳቸው አቆጠቆጡ፣ ሰዎቹ እየገረዙ አሳደጓቸው። ጫካው ተመለሰ፣ ከካርቦን ሽያጭም ገንዘብ አገኙበት። ተማሪዎችህን ይዘህ ከመትከልህ በፊት መሬቱን ጫር ጫር አድርገህ እየው። ሕይወት ያለው ጉቶ ካገኘህ አጥር ይበቃሃል። ከሌለ የአገር በቀል ዘር ፈልግ። አካባቢህ ያለ የቤተ ክርስቲያን ደን ጥሩ የዘር ምንጭ ነው፣ ካህናቱን አስፈቅደህ።

«ፕሮሶፒስ ግጦሻችንን ጨረሰው። ብንቆርጠው ይብሳል። ምን እናድርግ?» (ከአፋር)

በረሃውን ያለማል ተብሎ የመጣ ዛፍ ነው፣ እንግዳው ባለቤቱን አስወጣ። ከመሬት በላይ መቁረጥ ማብዛት ነው፣ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ከአፈር በታች፣ ግንዱና ሥሩ ከሚገናኙበት ዝቅ ብሎ መቆረጥ አለበት። ከብቶቻችሁ ፍሬውን ሳይፈጭ እንዳይበሉ፣ ዘሩን በእበታቸው የሚዘሩት እነሱ ናቸው። ተፈጭቶ ከሌላ መኖ ጋር ሲቀላቀል ግን ጥሩ ነው። በአንድ ቤተሰብ ጉልበት አይሆንም፣ ከወረዳው ግብርና ባለሙያ ጋር ተነጋግራችሁ በጋራ ውጡ።

«እንቦጭን ከጣና ነቅለን ነቅለን ሰለቸን፤ ለምን አያልቅም?»

ከላይ የምትልኩለት አፈርና ማዳበሪያ ስለማያልቅ። ንቀሉ፣ ግን ዳገቱንም ያዙ።

«ዝናብ ሲጥል ከብት ጠባቂ ልጆች ዛፍ ሥር ይጠለላሉ። መብረቅ አይመታቸውም?»

ይመታል፣ በየዓመቱም ይገድላል። ለብቻው የቆመ ዛፍ ሥር በፍጹም። ነጎድጓድ ከተሰማ ከብቱን ትተው ቤት ይግቡ። ከብት ይተካል።

«ዝናቡ አስቸገረን፣ ከሰል ቤት ውስጥ አያይዘን በር ዘግተን እንተኛለን። ጠዋት ራሴን ያመኛል።»

እናቴ፣ ዛሬውኑ ይተዉት። ሽታ የሌለው የከሰል ጋዝ ነው፣ ተኝተው እንዳሉ ይገድላል። ከሰሉን ውጭ ያውጡት፣ መስኮቱን ይክፈቱ፣ ጤና ጣቢያም ይሂዱ።

«አሥር አባወራ ሆነን ለመስኖ የውሃ ፓምፕ ልንገዛ ነው። ምን ይመክሩናል?» (ከሐረርጌ)

የሐሮማያን ሐይቅ እናንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። ከተማውም ቀዳ፣ ገበሬውም ለጫትና ለአትክልት ቀዳ፣ ደለሉም ገባበት። አንድ ቀን ሐይቁ ሜዳ ሆኖ ከብት ጋጠበት። ቆይቶ ውሃው ተመልሷል፣ ዕድለኞች ናችሁ። ሁለተኛ ዕድል የሚያገኝ ሁሉ አይደለም።

ፓምፑን ከመግዛታችሁ በፊት አሥራችሁም ተቀምጣችሁ ማን በየትኛው ቀን፣ ስንት ሰዓት እንደሚቀዳ ተፈራረሙ። ከገዛችሁ በኋላ ስምምነት አይገኝም። ውሃው በክረምት ከየት እንደሚሞላም እዩ፤ ያንን ዳገት ከልሉ። ምን ያህል ቢቀዳ እንደሚበቃ ግን የወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ለክቶ ይንገራችሁ። የከርሰ ምድር ውሃ በስልክ አይታየኝም።