ጣሳውን ማን ያነሣዋል? ገበያን ወደ ኪሎና ሊትር የማሻገር ዕቅድ

[ምስል፦ አዳማ ገበያ፣ ጠዋት። ማዳበሪያ ላይ በትናንሹ የተደረደረ ቀይ ሽንኩርት።]

ተራኪ፦ የዚህን ሽንኩርት ዋጋ ብትጠይቁ "መደቡ 20 ብር" ትባላላችሁ። ስንት ኪሎ ነው ብትሉ መልስ የለም፤ የመዘነው ሰው የለማ። ባለፈው ወር 20 ብር ነበር፣ በሚቀጥለውም 20 ብር ሊሆን ይችላል። የሚለወጠው የሽንኩርቱ ብዛት ነው። አምስት የነበረው አራት ይሆናል፣ ከአራቱም አንዱ እየቀጨጨ ይመጣል።

ይኸው ሽንኩርት ግን ከመቂ ወይም ከቆቃ በአይሱዙ ተጭኖ ሲገባ የተሸጠው በኪሎ ነው። ቸርቻሪዋም ከጅምላ ነጋዴው የተረከበችው በኪሎ ነው። ኪሎ እስከ ገበያው በር መጥቶ እዚያው ቀርቷል።

እንግዲህ አዳማንና ዙሪያዋን እስከ መጨረሻዋ ጉልት ድረስ ወደ ኪሎና ሊትር አሻግሩ ብትባሉ ዕቅዱን ከየት ትጀምራላችሁ?

[ምስል፦ የፍጥነት መንገዱ፣ የርቀት ሰሌዳዎች።]

ከሕግ እንዳትሉ። ሕጉ አለ። ኢትዮጵያ የሜትሪክ ሥርዓትን በአዋጅ የተቀበለችው በ1963 ነው። (በዚህ ቪዲዮ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መንገዳችን በኪሎ ሜትር፣ ነዳጃችን በሊትር፣ የቤት ቦታችን በካሬ ሜትር ነው። 40 ሄክታር ገደማ የነበረው ጋሻ ታሪክ ሆኗል። ፈረሱላ ግን 17 ኪሎ ሆኖ በቡና ንግድ ውስጥ እስከ ዛሬ ይሠራል። ጣሳና መደብም ከነሙሉ ሥልጣናቸው ተቀምጠዋል።

ይህ የእኛ ስንፍና ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሜትርን የወለደችው ፈረንሳይ ሕጉን ያወጣችው በ1795 ነው። ሕዝቡ እምቢ አለ። በ1812 ናፖሊዮን የድሮዎቹን ስሞች ለችርቻሮ ንግድ መልሶ ፈቀደ፤ ሜትሪክ ብቻ ይሁን የተባለው ገና በ1840 ነው። ቀኑን በ10 ሰዓት የመክፈል ሙከራቸውማ ሁለት ዓመት እንኳ በወጉ አልቆየም። ከፀሐይ መውጫ ጀምረን ሰዓት የምንቆጥር እኛ ለዚህ ብዙ አንደነቅም።

[ምስል፦ ሦስት የተለያዩ ጣሳዎች ጎን ለጎን።]

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንግባ። ዕቅድ አውጪ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ነው። "አንድ ጣሳ ይህን ያህል ኪሎ ነው" የሚል ወረቀት አሳትሞ ግድግዳ ላይ መለጠፍ። ይህ ነገሩን ከሥሩ ያበላሸዋል ባይ ነኝ።

ጣሳ የሚለካው እህሉ የሚይዘውን ቦታ ነው። ኪሎ የሚለካው ክብደቱን ነው። ደቃቅ የሆነው ጤፍ ጣሳው ውስጥ ተጠቅጥቆ ይገባል፤ ገብስ በመካከሉ ክፍተት ይተዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ እህል የተለየ ቁጥር ያስፈልጋል። ያ እንኳ ተገኘ እንበል። ጣሳው የምን ጣሳ ነው? የቲማቲም ድልህ ወይስ የዱቄት ወተት? ቂጡ ወደ ውስጥ ተደብድቧል ወይስ ደህና ነው? ጢም ብሎ የተሞላ ነው ወይስ የተቆለለ? ሰንጠረዡ ለእነዚህ ሁሉ መልስ ሊኖረው አይችልም። ያለው አስመስሎ ከወጣ ደግሞ ለሚያጭበረብረው ሰው ማኅተም ይሆንለታል።

ቦታን ወደ ክብደት መቀየር የተማሩ ሰዎችንም አሳስቷል። ሐምሌ 1983 ላይ ካናዳ ወደ ሜትሪክ እየተሻገረች ነበር። የኤር ካናዳ አዲሱ ቦይንግ 767 ነዳጁን የሚያሰላው በኪሎ ሲሆን፣ የቀሩት አውሮፕላኖች ገና በፓውንድ ነበሩ። የአንዱ 767 የነዳጅ ጌጅ ስለተበላሸ ሠራተኞቹ ታንኩ ውስጥ ያለውን በዘንግ ለኩት፤ 7,682 ሊትር ሆነ። ለጉዞው የሚያስፈልገው 22,300 ኪሎ ነው። ሊትሩን ወደ ኪሎ ለማምጣት በ0.8 ገደማ ማባዛት ነበረባቸው። ያባዙት በ1.77 ነው፤ ይህ ሊትርን ወደ ፓውንድ የሚቀይር ቁጥር ነው።

[ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ፦ መጨመር የነበረበት 20,088 ሊትር። የተጨመረው 4,917 ሊትር።]

ነዳጁ ሰማይ ላይ አለቀ። ሁለቱም ሞተሮች ጠፍተው አውሮፕላኑ እየተንሳፈፈ ጊምሊ በምትባል ከተማ፣ የቀድሞ የአየር ኃይል ጣቢያ በነበረ ሜዳ ላይ አረፈ። የነበሩት 69 ሰዎች በሙሉ ተረፉ። ሒሳቡን ደጋግመው ሠርተውታል፤ ያሳሳታቸው በአንድ ድርጅት ውስጥ ሁለት ልክ አብሮ መኖሩ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ውሳኔ፦ መቀየሪያ ሰንጠረዥ አይኑር፤ ሁለቱ ልኮችም ለረጅም ጊዜ ጎን ለጎን አይኑሩ። አዲሱ በአዲስነቱ ይለመድ።

[ምስል፦ የአውስትራሊያ መንገድ ካርታ።]

አውስትራሊያ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ሕጉን በ1970 አወጣች፣ የሚመራው ቦርድ አቋቋመች፣ ለየዘርፉ ቀን ቆረጠች። በነሐሴ 1972 የፈረስ ውድድር፣ በመስከረም የአየር ሙቀት ዜና። ሐምሌ 1974 ላይ የአገሪቱ የመንገድ ሰሌዳዎች በአንድ ወር ውስጥ ከማይል ወደ ኪሎ ሜትር ተለወጡ። ሕንድ ደግሞ ቅደም ተከተሉን አሳምራለች። መጀመሪያ በ1957 ገንዘቧን አስተካከለች፤ በ16 አና ይከፈል የነበረው ሩፒ 100 ፓይሳ ሆነ። ሰው በመቶ መቁጠር ሲጀምር፣ ከ1958 አንሥቶ ሚዛኑን በየአካባቢውና በየዘርፉ ቀየረችው። እኛ ብራችን 100 ሳንቲም ስለሆነ ከዚህ ሥራ ተገላግለናል።

አሜሪካ በ1975 ሕግ አወጣች፤ በፈቃደኝነት፣ ቀን ሳይቆረጥ። በ1982 ቦርዱ ተዘጋ፣ ማይሉ ባለበት ቀጠለ። ብሪታንያ በመካከል ላይ ናት፦ ቤንዚን በሊትር፣ መንገድ በማይል። በ2001 ሰንደርላንድ ውስጥ አንድ የገበያ ነጋዴ ሙዝ በፓውንድ በመሸጡ ተፈርዶበት፣ አገሩ ሁሉ ለሙዙ ተከራካሪ ሆነ። ነጋዴን ፍርድ ቤት ማቆም ለአሮጌው ሚዛን ደጋፊ እንደ ማሰባሰብ ነው። አዳማ ውስጥ አንዲት የጉልት ነጋዴ ጣሳዋ ተነጥቆ በስልክ ብትቀረጽ ዕቅዱ በዚያው ቀን ያበቃለታል።

[ምስል፦ 20 ብር በእጅ።]

ታዲያ መደቡን ምን እናድርገው? ብዙ ሰው መደብን የማጭበርበሪያ ዘዴ ያደርገዋል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ገዢዋ ለሽንኩርት የመደበችው 20 ብር ነው። መደቡ ብሩን አጽንቶ ብዛቱን ያለዋውጣል፤ ኪሎው ብዛቱን አጽንቶ ብሩን ያለዋውጣል። ጠባብ ቦርሳ የያዘ ሰው የመጀመሪያውን ቢመርጥ ምን ይገርማል? "ከግማሽ ኪሎ በታች አይሸጥም" የሚል ሕግ እሷን ከገበያ ያስወጣታል።

መፍትሔው በብር መግዛትን መፍቀድ፣ ሳይመዝኑ መሸጥን ማስቀረት ነው። ኪሎው 80 ብር ነው እንበል። "የ20 ብር ስጪኝ" ስትል 250 ግራም ይመዘንላታል። ዋጋው 100 ሲገባ በዚያው 20 ብር 200 ግራም ታገኛለች። ኑሮው አልረከሰላትም፤ ግን 50 ግራም እንደሄደባት ታያለች። እስካሁን ይህ የማይታይ ነበር።

[ምስል፦ አነስተኛ ሚዛን፣ አጠገቡ ውሃ የሞላ ሃይላንድ።]

ቀጥሎ ሚዛኑ። ጉልት ላይ ለተቀመጠች ሴት ሚዛን መግዛት ቀላል ወጪ አይደለም። ስለዚህ ሚዛኑን ለጎረቤታሞች በጋራ ማቅረብ፣ መፈተሹንም የአንድ ሰሞን ዘመቻ አለማድረግ። ገበያው በር ላይ ማንም በነፃ የሚያመሳክርበት አንድ ትክክለኛ ሚዛን ይቀመጥ። ለዚያ ደግሞ ማንም የሚያገኘው መፈተሻ አለ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሥርዓቱ ሲፈጠር ኪሎ የተተለመው ከዚያ ነው። ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሞልታችሁ ጫኑበት፤ ከፕላስቲኩ ጋር ከ500 ግራም ጥቂት ከፍ ይላል። 600 ካለ ሚዛኑ ይዋሻል።

ቀኑስ? ጥር፣ ምርት ገብቶ ዋጋ በሚረግብበት ወቅት። በፋሲካ ዋዜማ ወይም በክረምት ከተጀመረ ዋጋ የወጣው በኪሎ ምክንያት ነው መባሉ አይቀርም፤ ያ ወሬ ደግሞ በሰንጠረዥ አይመለስም። ጥራጥሬና ቅመም ይቅደሙ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ይከተሉ። ሰሌዳው በኦሮምኛም በአማርኛም ይጻፍ፣ ቁጥሩ ይጉላ። በተቆረጠው ቀን ጣሳ ያመጣች ነጋዴ ጣሳዋን ሰጥታ በጋራው ሚዛን ትጠቀም። ቅጣት በኋላ ይምጣ፣ ያውም ሚዛን በሚያዛባው ላይ።

ምርቃቱ ግን አይነካ። ከተመዘነ በኋላ "መርቂልኝ እንጂ" ብላ አንድ ራስ ሽንኩርት ብታስጨምር የሁለቱ ጉዳይ ነው፤ ተቆጣጣሪ እጁን አያስገባ።

መነካት የሌለባቸው ሌሎችም አሉ። ከሰል በማዳበሪያ ይቆይ። በኪሎ ይሸጥ ከተባለ ውሃ የሚያርከፈክፍበት ሰው አይጠፋም፤ የምትከፍሉትም ለውሃው ይሆናል። የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ሄዳችሁ "ግማሽ ኢንች" ማለታችሁንም ቀጥሉ። የቧንቧን ጥርስ ዓለም አቀፉ ደረጃ ራሱ የሚጠራው በኢንች ነው፤ በሚሊ ሜትር ከጠየቃችሁ ባለሱቁ የማይገጥም ይሰጣችኋል።