«በሩ ላይ ማን ያየኛል?»
(በሐዋሳ ለወጣቶችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከሁሉም በላይ እናንተ የሐዋሳ ወጣቶች፤ እንደምን አረፈዳችሁ!

እኔ በኤችአይቪ የምክርና የምርመራ አገልግሎት የምሠራ አማካሪ ነርስ ነኝ። ወደ ክፍሌ የሚመጡት ወጣቶች ስለ ቫይረሱ ሰምተው ያደጉ ናቸው፤ መተላለፊያ መንገዶቹን ከእኔ እኩል ይነግሩኛል። የሚያስጨንቃቸው ሌላ ነው፤ በሩ ላይ ማን ያየኛል? የታቦር ልጅ በሰፈሩ ያለውን ጤና ጣቢያ አልፎ፣ በባጃጅ ከተማውን አቋርጦ፣ ማንም የማያውቀው ሰፈር ሄዶ ይመረመራል። አንዲት ልጅ ገና ከመቀመጧ «ካርዱ ላይ ስሜ ይጻፋል?» ትላለች። ስለ መርፌው ግን አንድም ቃል አታነሳም።

ልጆቼ፣ ይህን ሐፍረት ያወረስናችሁ እኛ ነን። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ከተመዘገቡበት እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ለአብዛኛው ሰው የሚደርስ መድኃኒት አልነበረም። ወላጆቻችሁ ጎረቤት ሲንሾካሾክ፣ የአንድ ቤት ልጆች ተከታትለው ሲቀበሩ፣ ዕድር ድንኳን ነቅሎ መልሶ ሲተክል አይተዋል። ፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ የተወለዳችሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬ ሕክምናው ለአብዛኛው ሰው በቀን አንድ ክኒን ነው። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ፣ በደሙ ያለው የቫይረስ መጠንም በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የወረደለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። በሽታው ይህን ያህል ሲለወጥ ሐፍረቱ ንክች ሳይል እናንተ ዘንድ መድረሱ በጣም ያስቆጨኛል።

ብዙ ወጣት የሚመረመረው ለጋብቻ ወረቀት ሲጠየቅ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ አዳራሽ ተይዞ፣ የጥሪ ካርድ ታድሎ፣ ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይመጣሉ። በዚያ ሰዓት የሚሰማ ውጤት በሁለት ቤተሰብ ላይ ይወድቃል። ምነው ቀደም ብለው፣ ገና ሲተዋወቁ በመጡ! ደግሞም «እሱ ተመርምሯል፣ ስለዚህ እኔም ነጻ ነኝ» የምትሉ እህቶቼ ስሙኝ፤ አንዱ ቫይረሱ ኖሮበት ሌላው ነጻ የሆነባቸው ጥንዶች አሉ። የእሱ ውጤት የእሱ ብቻ ነው። ቫይረሱ በቅርቡ የገባበት ሰው ደግሞ በመጀመሪያው ምርመራ ላይታወቅ ስለሚችል፣ ሥጋት ካለ ከሦስት ወር በኋላ መድገም ያስፈልጋል።

ምርመራው ራሱ አጭር ነው። የጣት ጫፍ በአልኮል ይጠረጋል፣ ይወጋል፣ ጠብታ ደም መመርመሪያው ላይ ይደረጋል፤ 20 ደቂቃ ያህል ትጠብቃላችሁ። ቫይረሱ እንዳለ ካሳየ በሌሎች መመርመሪያዎች ሳይረጋገጥ ለማንም አይነገርም።

አሁን ወደ እኛ ወደ ባለሙያዎች ልመለስ። «ገና ልጅ ነሽ፣ ምን አስቸኮለሽ?» ተብላ የተገሠጸች ልጅ ዳግመኛ አትመጣም፤ ጓደኞቿንም ታስቀራለች። የምክር ክፍሉን ከግቢው ጥግ ለብቻው አስቀምጠን፣ በሩ ላይ ትልቅ ጽሑፍ ለጥፈን «ወጣቱ ለምን አይመጣም?» ማለት ተገቢ አይደለም። ከሌሎቹ ክፍሎች መካከል ይሁን። የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ከፈረቃ ሲወጡ እኛ ዘግተን ሄደናል፤ አመሻሽ ላይና እሑድ የሚሠራ ሰው ይመደብላቸው። ወላጆችም፣ ልጃችሁ ተመርምሮ መምጣቱን ሲነግራችሁ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ምን አድርገህ ነው?» አይሁን።

ከአዳራሹ ጀርባ ባሉት ክፍሎች ባልደረቦቼ እስከ 11 ሰዓት ይቆያሉ። ለመመርመርም፣ ለመጠየቅ ብቻም መግባት ይቻላል፤ የምትጠሩት በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። እዚህ መታየት የማይፈልግ በሌላ ቀን፣ በመረጠው ጤና ተቋም ይመርመር። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ በአፍ ለመጠየቅ የከበዳችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ላኩልኝ፣ ስም አያስፈልገውም።