የእናቴና የእህቴ የጋብቻ ወረቀት

(ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት የጋብቻ ምስክር ወረቀቶች)

ይኼ የእናቴ ነው። ጥር 1975 ዓ.ም.፣ ፒያሳ፣ ማዘጋጃ ቤት። ጉርድ ፎቷቸው በሙጫ ተለጥፎ፣ ክብ ማኅተሙ አባቴ ከረባት ላይ አርፏል። ይኼኛው የእህቴ ነው። 2015፣ አራዳ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳው ወሳኝ ኩነት። ከፕሪንተር የወጣ፣ ጥርት ያለ። አራቱ እማኞች ፈርመው ሲያበቁ ወርደን ማኪያቶ ጠጣን፤ ድግሱ እሱ ነበር።

ላይ ላዩን ሲታዩ የሚሉት አንድ ነው፦ እከሌና እከሊት ተጋብተዋል። ሁለቱ ሴቶች የፈረሙበት ሕግ ግን ለየቅል ነው።

(ምስል፦ የፍትሐ ብሔር ሕግ መጽሐፍ፣ ገጹ ሲገለጥ)

የእናቴን ጋብቻ የገዛው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ቁጥር 635 ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርገዋል፤ ሕግን በማይጻረር ትእዛዙ ሁሉ ሚስት ልትታዘዘው ይገባል። የት እንደሚኖሩ የሚመርጠው እሱ ነው። አካሄዷንም ይመራል። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ግን ቁጥር 646 ነው፦ ባል ሠራተኛ ሊቀጥርላት አቅም ከሌለው፣ የቤቱን ሥራ ራሷ ልትሠራ ግዴታ አለባት። ሽሮ መሥራት በሕግ! እማዬን ስጠይቃት «እኔ ምን ዐውቄ፤ ፈርሚ ሲሉኝ ፈረምኩ። አባትሽም አላነበበውም፤ ሳያነብ ነው የተገበረው» ብላ ሳቀች።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ እንመለስ። ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም.፣ ፓሪስ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሁሉ አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫን አጸደቀ። 48 አገሮች ደገፉ፣ 8 ድምፅ ተዐቀቡ። ኢትዮጵያ ከ48ቱ አንዷ ነበረች።

መግለጫው ሲረቀቅ የእንግሊዝኛው አንቀጽ 1 «ወንዶች ሁሉ» በሚል ቃል ይጀምር ነበር። ቃሉ ሴቱንም ይጨምራል ያሉ ነበሩ። የሕንዷ ተወካይ ሃንሳ ሜህታ ግን፣ አንድ ቀን ሴቶችን ማግለያ ይሆናል ብላ «የሰው ልጆች ሁሉ» እንዲባል ተሟገተች፤ ተለወጠም። የእኛ «ሰው» ይኼ ጣጣ የለበትም፤ ሴትም ወንድም ሰው ነው። ጣጣው ሕጉ ላይ ነበር። የዶሚኒካን ሪፐብሊኳ ሚነርቫ ቤርናርዲኖ የወንድና የሴት እኩልነት በመግቢያው እንዲሰፍር ታገለች። በጋብቻ ውስጥ ባልና ሚስት እኩል መብት አላቸው ለሚለው አንቀጽ 16 ደግሞ የፓኪስታኗ ሻኢስታ ኢክራሙላህ ተከራከረች። «የሴቶች መብት የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ እነዚህን ሦስት ስሞች አስታውሱት።

(ምስል፦ አራት ኪሎ፣ የፓርላማው ሕንፃና የሰዓቱ ማማ)

አገራችን ለዚያ አንቀጽ እጇን ካወጣች ከ11 ዓመት በኋላ ነው «ሚስት ትታዘዝ» ብላ የጻፈችው። ይባስ ብሎ በ1950ው ምርጫ ስንዱ ገብሩ ተመርጣ አራት ኪሎ ፓርላማ ገብታለች። ሴት ሕግ አውጪ ትሆናለች፣ ቤቷ ስትገባ ግን ታዛዥ ናት። በ1973 ማብቂያ ላይ ደግሞ ኢትዮጵያ በሴቶች ላይ የሚደረግ አድልዎን የሚያስወግደውን ስምምነት አጸደቀች። እማዬ ማዘጋጃ የሄደችው ከዚያ በኋላ ነው። 635 ከቦታው አልተነቃነቀም።

ለምን? የሰብአዊ መብት ትግል ለረጅም ጊዜ ዓይኑን የተከለው እስር ቤት ላይ ነበር፤ መንግሥት ዜጋውን ሲያስር፣ ሲገርፍ። ባል ሚስቱን ሲደበድብ ግን የባልና ሚስት ጠብ ነው፣ ሽማግሌ ይገባበታል፣ ገመና ነው። ሰኔ 1985 ቪየና ላይ የተሰበሰበው የዓለም ጉባኤ ነው የሴቶች መብት ከሰብአዊ መብቶች የማይነጠል ክፍል መሆኑን በግልጽ ያወጀው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 35 ለሴቶች መብት ተሰጠ፤ አንቀጽ 9 ደግሞ የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው አለ። ጠበቃ ስምምነቱን ችሎት ፊት የሚጠቅሰው በዚህ በር ገብቶ ነው።

ወረቀት ግን በራሱ አይራመድም። መዓዛ አሸናፊና ባልደረቦቿ ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በየችሎቱ ቆሞ፣ ሕግ አውጪውን ወትውቶ፣ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ወጣ። የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አለ፤ አለቃነቱ ቀረ። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ነበር፤ የ1996ቱ ይኼን መውጫ ዘጋው።

ከዚያ በ2001 ሌላ አዋጅ መጣ፤ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በሴቶች መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። የነፃ ጥብቅናው አገልግሎት ተመናመነ። አዋጁ የተሻረው በ2011 ነው፤ መዓዛም የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆነችው በዚያው ዓመት ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 ግን አሁንም መድፈርን የሚቀጣው «ከጋብቻ ውጭ» ከሆነ ነው። ይኼ ቃል እስካለ ድረስ የእህቴም ወረቀት ሙሉ አይደለም።

(ምስል፦ የእህቴ ቤት፣ ኩሽና)

እህቴ ባለፈው ዓመት ወለደች። 120 ቀን የወሊድ ፈቃዷን ጨርሳ ቢሮ ስትመለስ ሕፃኑን የተረከበችው ሠራተኛዋ ናት። ቁጥር 646 ላይ በጨረፍታ የተጠቀሰችውን ሠራተኛ አስታወሳችኋት? የወሊድ ፈቃዱን የሰጠው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ እሷን አይሸፍንም፤ ጉዳይዋን ለወደፊት ደንብ ትቶታል። ዛሬም ውሏ የሚገዛው በዚያው በ1952ቱ መጽሐፍ ነው። እህቴ በ1992 ከወጣችበት መጽሐፍ እሷ አልወጣችም።

ይኼን ለእህቴ ስነግራት ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ «እሷ ብታረግዝ ስንት ቀን ነው የምሰጣት?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔን።