ውድ የጆሮ ማዳመጫ ዋጋውን ያወጣል? የሁለት አዘጋጆች ውይይት

እሱ፦ ውድ አድማጮቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምንወያይበት ጥያቄ በውድ ዋጋ የሚሸጡ የጆሮ ማዳመጫዎች የወጣባቸውን ገንዘብ ያህል ይጠቅማሉ ወይስ አይጠቅሙም የሚል ነው። እህቴ፣ ውዱንም ርካሹንም ስለተጠቀምሽ ከአንቺ እንጀምር።

እሷ፦ መልሱን ከመናገሬ በፊት የግራ ጆሮዬን ታሪክ ላስቀድም፤ ስለ ድምፅ የማውቀውን አብዛኛውን ነገር ያስተማረኝ እሱ ነውና። ከሁለት ዓመት በፊት ለረጅም ጊዜ ያጠራቀምኩትን ገንዘብ አውጥቼ አንድ ውድ ማዳመጫ ገዛሁ። ስሰማበት ግን ድምፁ ሳሳብኝ፤ ከበሮው ከግድግዳ ማዶ የሚመታ መሰለኝ፣ የዘፋኙም ድምፅ ወደ ቀኝ አደላብኝ። በጣም አዘንኩ፤ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩትና አራት ወር ሙሉ አልነካሁትም።

እሱ፦ አራት ወር ሙሉ? ይህን ሳትነግሪኝ ቆየሽ?

እሷ፦ ያን ያህል ገንዘብ አውጥቼ እንዳልረካሁ መናገር ከብዶኝ ነበር። ከዚያ አንድ ምሽት የዚህን ዝግጅታችንን ቅጂ እያረምኩ ሳለ የርካሹ ማዳመጫዬ ባትሪ አለቀና ያንን ከመሳቢያ አወጣሁት። ከግራ ጆሮዬ ሊወድቅ ሲል በጣቴ ገፋ አደረግሁት፤ ወዲያውኑ የአንተ ድምፅ ሞላ፣ ጎርናናነቱም ተመለሰ። ጣቴን ሳነሣ እንደገና ሳሳ፣ ስጫነው እንደገና ሞላ። ለካ የግራ ጆሮዬ ቀዳዳ ከቀኙ ጠበብ ያለ ነው፤ ማዳመጫው ጫፍ ላይ ሆኖ ጆሮ ውስጥ የሚገባው መካከለኛው የሲሊኮን ላስቲክ በዚያ በኩል በደንብ ሳይገጥም ቀርቶ አየር ያሳልፍ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ከነበሩት መለዋወጫ ላስቲኮች ትንሹን ለግራው አደረግሁለትና ችግሩ በዚያው ምሽት ተፈታ።

እሱ፦ እንግዲያው ጉድለቱ የዕቃው ሳይሆን የአገጣጠሙ ነበር።

እሷ፦ አዎን፣ የአገጣጠሙ ብቻ። ወፍራሙ ድምፅ፣ ማለትም ቤዝ የምንለው፣ በላስቲኩና በቆዳው መካከል ትንሽ ክፍተት ካገኘ ጉልበቱን በዚያ ያጣል፤ ቀጭኑ ድምፅ ግን እምብዛም አይጎዳም። አንድ ማዳመጫ «ድምፁ ቀጭን ነው» የሚባለውም ብዙ ጊዜ ላስቲኩ ሳይስተካከል ሲቀር ነው። እኔም ነገሩን ላጣራ ብዬ ርካሹ ማዳመጫ ላይ በግራ በኩል አነስ ያለ ላስቲክ ባደርግበት እሱም ተለወጠ። ውዱን አላከለም፤ ነገር ግን የሁለቱ ልዩነት ካሰብኩት እጅግ ያነሰ ሆኖ አገኘሁት።

እሱ፦ ታዲያ ጥያቄውን ራስሽ መለስሽው፤ ዋጋውን አያወጣም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት የ283 ማዳመጫዎችን የድምፅ ሚዛን፣ ማለትም ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ በምን መጠን እንደሚያሰሙ ለክቶ፣ በልኬቱና በመሸጫ ዋጋቸው መካከል ዝምድና አላገኘም። እኔ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም።

እሷ፦ ጥናቱን አከብራለሁ፤ የለካው ግን የድምፅ ሚዛንን ብቻ ነው። እኔ በገንዘቤ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ጸጥታ ነው። የድምፅ መሣሪያ አምራቹ የቦዝ ድርጅት መሥራች አማር ቦዝ እ.ኤ.አ. በ1978 ከዙሪክ ወደ ቦስተን ሲበር በአውሮፕላኑ ማዳመጫ ሙዚቃ ለመስማት ሞክሮ የሞተሩ ጩኸት አላስሰማ አለው፤ እዚያው በጉዞው ላይ ጩኸትን የሚያጠፋ ማዳመጫ ስሌት መሥራት ጀመረ። ድርጅቱ ለአብራሪዎች የሚሆነውን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ከዐሥር ዓመት በላይ የፈጀ ድካም መሆኑን ልብ በልልኝ።

እሱ፦ አሠራሩን ለአድማጮቻችን አስረጂልን።

እሷ፦ ትንሽ ማይክሮፎን የውጭውን ጩኸት ይቀበላል፤ መሣሪያው የዚያን ሞገድ ተቃራኒ ይፈጥርና ሁለቱ ጆሮ ውስጥ ሲገናኙ ይጣፋሉ። እንደ ሞተር ላለ ወፍራምና የማያቋርጥ ጩኸት እጅግ ጥሩ ነው፤ ለሰው ንግግርና ለድንገተኛ ድምፅ ግን ደካማ ነው። ያንን ቀጭኑን የሚከለክለው በአብዛኛው ላስቲኩ ነው፤ ስለዚህ የግራ ጆሮዬ ጉዳይ እዚህም ይመለሳል።

እሱ፦ ዛሬ እኮ በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡትም ጩኸት ያጠፋሉ።

እሷ፦ ያጠፋሉ፤ ነገር ግን እኔ የሞከርኳቸው ውስጥ ውስጡን ሽው የሚል ድምፅ ያሰማሉ፣ ነፋስ ሲነፍስም ይረበሻሉ። ጸጥታውን እንደ ቅንጦት አትቁጠረው። በጩኸት መካከል ያለ ሰው ሙዚቃውን ከጩኸቱ በላይ ለመስማት ድምፁን ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ወሰን በድምፅ ጉልበት መለኪያ 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ሦስት ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ስለሚቀንስ በ83 የሚፈቀደው 20 ሰዓት ብቻ ይሆናል። እኔ ጸጥታውን ካገኘሁ ወዲህ የስልኬን ድምፅ ከግማሽ በላይ አድርጌው አላውቅም።

እሱ፦ በዚህ አሳምነሽኛል። በባትሪው ግን አልስማማም። ገመድ አልባው ማዳመጫ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ትንሿ ባትሪው በተሞላችና ባለቀች ቁጥር አቅሟ ይቀንሳል፤ አብዛኛውም ተከፍቶ ባትሪው እንዲቀየር ሆኖ አልተሠራም። ባለ ገመዱ በጥንቃቄ ከተያዘ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ጥቂት ዓመት ብቻ ለሚቆይ ዕቃ ያን ያህል መክፈል ልክ አይመስለኝም።

እሷ፦ የእኔ በሁለት ዓመቱ ገና ደህና ነው።

እሱ፦ ከሁለቱ ዓመት አራቱን ወር መሳቢያ ውስጥ አርፏል።

እሷ፦ እሱስ እውነት ነው። የባትሪውን ነገር በሌላ ጊዜ እንመለስበት፤ ክርክርህ ክብደት እንዳለው አልክድም። እኔ የምለው፣ ጩኸት በሌለበት ክፍል ለሚያዳምጥ ሰው ርካሹ በትክክለኛ ላስቲክ ይበቃዋል፤ በየቀኑ በሞተር ጩኸት መካከል ለሚጓዝ ሰው ግን ውዱ ዋጋውን ያወጣል።

እሱ፦ በሚቀጥለው ዝግጅት ሁለቱን ዓይኔን ሸፍኜ ላወዳድራቸው። የድምፃቸውን መጠን አስቀድመሽ አስተካክይልኝ፤ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚሰማው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል።

እሷ፦ አስተካክላለሁ። አንተም ከዚያ በፊት የሁለቱንም ጆሮህን የላስቲክ ልክ ለይተህ ና።