ከለገሃር አንበሳ እስከ ቴአትር ቤቱ አንበሳ
(ለድሬዳዋ የቴአትር ክበብ ልጆች የጉዞ ዋዜማ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ የክበባችን ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ነገ አዲስ አበባ ሄዳችሁ ብሔራዊ ቴአትርን ታያላችሁ። እኔ በእናንተ ዕድሜ ስሄድ ስለ ቤቱ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ጥቂት ላጫውታችሁ።

መነሻው ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለሲኒማ ብለው የጀመሩት ሕንፃ ነው። በኋላ ለንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል ሰፍቶና አምሮ ተሠራ። በ1948 ዓ.ም. «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ተመረቀ። መክፈቻው የመኮንን እንዳልካቸው ተውኔት «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ብሔራዊ የተባለው ከአብዮቱ ወዲህ ነው። ሙዚቃውን ካቀኑት አንዱ አርመናዊው ነርሲስ ናልባንዲያን ናቸው።

ልጆች፣ ቤቱ የሩቅ ቤት አይደለም። ጋሽ ተስፋዬ ገሠሠ የእኛው የሐረርጌ ልጅ ናቸው፤ ጎሮ ጉቱ ተወልደው እዚያ መድረክ ላይ ነግሠዋል። ቤቱንም መርተዋል።

እኔ የሄድኩት በድሮው ባቡር ነው። ከዚሁ ከለገሃራችን ተነስተን አዲስ አበባ ለገሃር ወረድን። ጣቢያው ፊት ለፊት የነሐስ አንበሳ ቆሟል። እግሬን እየጎተትኩ ሽቅብ ወጣሁ። ብዙም ሳልሄድ ቴአትር ቤቱ ፊት ሌላ አንበሳ ገጠመኝ፤ ይሄኛው የድንጋይ ነው፤ ጋማው ተጠርቦ ማዕዘን ማዕዘን የሠራ። የፈረንሳዊው ቀራፂ የሞሪስ ካልካ ሥራ ነው። ዞሬ ዞሬ አየሁት። ከጎን ሲያዩት ሌላ ነው፣ ከፊት ሌላ።

ከዚያ ገባሁ። መብራቱ ጠፋ። ያ ሁሉ ሰው ጸጥ አለ። መጋረጃው ሲከፈት የተዋናዩ ጫማ መድረኩን ሲረግጥ ከኋላ ወንበር ሆኜ ሰማሁት። ቴአትር ማለት ያ ድምፅ ነው ለእኔ። ቴሌቪዥን አይሰጣችሁም።

የዛሬው ባቡር ለቡ ነው የሚያወርደው። እባካችሁ እንደደረሳችሁ ቀጥታ ቴአትር ቤቱ በር ላይ አትውረዱ። ታክሲ ይዛችሁ ለገሃር ሂዱ። ከነሐሱ አንበሳ ተነስታችሁ እስከ ድንጋዩ በእግር ውጡ። አያቶቻችሁ ከድሬ ሄደው የወጡት በዚያው ዳገት ነው።

ሹራብ መያዝ እንዳትረሱ አቦ። ቴአትሩ አልቆ ስትወጡ የአዲስ አበባ ብርድ በር ላይ ይጠብቃችኋል።