የቧንቧ ኬሚካል ገበያው ያለው የት ነው?

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የነዳጅ ፍሰት የሚያፋጥን ኬሚካል ገበያ ሲገመት፣ ብዙ ሰው የሚቆጥረው የቧንቧውን ርዝመት ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። መቆጠር ያለበት ቧንቧው ጠቦት ወረፋ የሚጠብቀው የነዳጅ ዘይት ነው።

በአሜሪካ ያለውን የአላስካን የነዳጅ ዘይት መስመር እንይ። ከፕሩዶ ቤይ እስከ ቫልዲዝ 1,287 ኪሎ ሜትር ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ፤ በ1979 ፍሰት የሚያፋጥነው ኬሚካል፣ ማለትም ፖሊመሩ፣ ይጨመርበት ጀመር። አዲስ የፓምፕ ጣቢያ ለመሥራት ብዙ ጊዜና ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል። ኬሚካሉን ለመጨመር ግን አንድ ታንከርና አንድ ትንሽ ፓምፕ ይበቃል።

አሠራሩ ደስ ይላል። ዘይት በፍጥነት ሲሄድ ቧንቧው ውስጥ ይናወጣል፤ የፓምፑ ጉልበት እዚያ ይባክናል። ፖሊመሩ እጅግ ረጅም ሞለኪውል ስለሆነ ነውጡን ያረግበዋል። ፖሊመሩ ያለበትን ዝልግልግ ጄል በእንጨት ጫፍ ነክታችሁ ብታነሱት እንደ ተልባ ይዝለገለጋል፣ ቶሎ አይበጠስም። ለሚሊዮን ሊትር ዘይት ከአሥር እስከ ሃያ ሊትር ገደማ ሊበቃ ይችላል። ሰበቃው በ30 በመቶ ከቀነሰ፣ በዚያው ግፊት 20 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ዘይት ያልፋል።

ለሻጭ ትልቁ ነገር ደግሞ ይሄ ነው፦ ፖሊመሩ በፓምፕ ሲያልፍ ይቆራረጣል። ስለዚህ ከየጣቢያው በኋላ እንደገና ይጨመራል። መስመሩ እስከሞላ ድረስ ደንበኛው መግዛቱን አያቆምም።

ካልሞላስ? የአላስካ መስመር በ1988 እ.ኤ.አ. በቀን 2 ሚሊዮን በርሜል ያህል ያስተላልፍ ነበር። ዛሬ ከ500 ሺህ በታች ነው። አሁን ራስ ምታቱ ዘይቱ በዝግታ ሄዶ መቀዝቀዙና ሰም መጋገሩ ነው። ርዝመቱ ግን ያው 1,287 ነው!

ከኡጋንዳ ሆይማ እስከ ታንዛኒያ ታንጋ ያለው 1,443 ኪሎ ሜትር መስመርም ሊያጓጓን ይችላል። ያ ዘይት ግን ሰም የበዛበት ስለሆነ ካልሞቀ ይረጋል። እዚያ መጀመሪያ የሚነሳው የሙቀት ጥያቄ ነው፤ የሰም መከላከያ ኬሚካልም ሌላ ዕቃ፣ ሌላ ገበያ ነው። ወደ አገራችን ደግሞ ነዳጅ ከጅቡቲ የሚመጣው በቦቴ ስለሆነ ለጊዜው አንቁጠረው። የአውሮፕላን ነዳጅንም ከሒሳቡ አውጡት፤ ፖሊመሩ እዚያ ውስጥ እንዲገባ አይፈለግም።

እንግዲህ የሽያጭ ክፍል ልጆች፣ ዋጋ ከማውራታችሁ በፊት ደንበኛውን ይሄን ጠይቁት፦ መስመሩ በቀን ስንት በርሜል ያስተላልፋል? ስንት በርሜልስ ቦታ አጥቶ ቀረ? የአንዱ በርሜል ትርፍ ስንት ነው? መልሱን ይዛችሁ ኑና ግምቱን አብረን እንሥራ።

አመሰግናለሁ።