መስኮቱን ማን ይክፈት?

እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ ጭስ ላውራችሁ።

ለንደን፣ ሳውዝሆል ውስጥ የሲክ ሃይማኖት ተከታይ የሆኑ አንዲት እናት ቤት ተከራይቼ ነበር። ቤተሰቡ «ቢጂ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት «የባባ ጂ ክፍል» የሚሉት ጠባብ ክፍል አለ። ባባ ጂ የሚሉት የሲኮችን ቅዱስ መጽሐፍ ነው፤ 1430 ገጽ ያለው ይህ ጉሩ ግራንት ሳሂብ በትራስ ላይ፣ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ ያርፍበታል። ጫማ ተወልቆ፣ ራስ ተሸፍኖ ይገባል። ይህስ ለእኔ አዲስ አይደለም።

ቢጂ በየጠዋቱ አገርባቲ የሚባለውን የዘንግ ዕጣን ሁለት ሁለት ይለኩሳሉ። ወቅቱ ብርድ ነው፤ በሩም መስኮቱም ዝግ ነው። የልጅ ልጃቸው አስም አለባት። ከትምህርት ቤት በፊት ጭናቸው ላይ ተቀምጣ ጸሎቱን ስታዳምጥ ደረቷ ሲያፏጭ እኔ በር ድረስ ይሰማል።

አንድ ግራም ዕጣን ሲነድ በአማካይ 45 ሚሊግራም ያህል ደቃቅ ብናኝ ይለቃል፤ አንድ ግራም ሲጋራ 10 ያህል። ካርቦን ሞኖክሳይዱና ፎርማልዴሃይዱ ሳይቆጠር ነው ይህ።

ግን እንዴት ይነገራል? በሰው ጸሎት፣ ያውም ተከራይ ሆኜ! ደግሞ ቅዳሜ ቡና ሳፈላ የእኔው ዕጣን የጭስ ማስጠንቀቂያውን ሁለት ጊዜ አስጩኾታል። ፎጣ እያራገቡ ዝም ያሰኙት ቢጂ ናቸው። ምን አፍ አለኝ?

በሦስተኛው ጊዜ መስኮቴን እየከፈትኩ «የባባ ጂ ክፍልስ ቢከፈት ነውር ይሆናል?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ቤታ (ልጄ)፣ ማታ ማታ የምለውን አልሰማህም?» ከመኝታ በፊት በሚደግሙት ሶሂላ የተባለ ጸሎት ውስጥ የሲክ ሃይማኖት መሥራች የጉሩ ናናክ መዝሙር አለ፦ ሰማዩ ትሪ ነው፣ ፀሐይና ጨረቃ መብራቶቹ፣ የሰንደል መዓዛ ያዘለው አየር ዕጣኑ፣ ነፋሱም ጭራው። ጭራ! ቢጂ በመጽሐፉ ላይ የሚያወዛውዙትን ነጭ ቻውር ሳይ ሌላ ስም አልመጣልኝም ነበር።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ዕጣን መሥዋዕት ነው፤ ካህኑ ጽንሐ ይዞ ያጥናል። የእሳቸውም እንደዚያ መስሎኝ ነበር የፈራሁት። በ1945 የጸደቀው የሲኮች ደንብ፣ ራሂት ማርያዳ፣ ግን ዕጣንና መብራት በትሪ እያዞሩ ማምለክን ይከለክላል፤ ለክፍሉ መልካም ሽታ ሲባል ዕጣን ማጨስን ብቻ ይፈቅዳል። ጸሎቱ ያለ ጭስ ሙሉ ነው ማለት ነው።

አሁን አንድ ዘንግ ብቻ፣ ልጅቱ ሳትነሣ፣ ከጨርቁ ርቆ ይነዳል። ከዚያ በሩም መስኮቱም ይከፈታል፤ አንዱ ብቻ ከተከፈተ ጭሱ እዚያው ይዞራል። ልጅቱ የምትስበው መድኃኒት ከቦርሳዋ አልወጣም፤ የጠዋቱ ፉጨት ግን ቀንሷል።

የማሞቂያው ሂሳብ ሲመጣ ግን ቢጂ ወረቀቱን ያሾለኩት በእኔ በር ሥር ነው።